የጠገበ ቡችላ ምን ይጎድለዋል?

ዓይነ ስውር የሚመራ ውሻ ታዛዥነት ብቻውን አይበቃውም። ጌታው «እንሻገር» ሲለው መኪና ካየ እምቢ ማለት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1942 በካሊፎርኒያ የተቋቋመው የመሪ ውሾች ማሠልጠኛ ይህን የሚችል ውሻ ማግኘት አቅቶት ነበር። በ1946 ሥልጠና ከጀመሩት መካከል ለሥራ የበቁት ከመቶ 9ኙ ብቻ ነበሩ።

ክላረንስ ፋፈንበርገር የተባለ ሰው ከሳይንቲስቱ ጆን ፖል ስኮት ጋር ሆኖ ምክንያቱን ፈለገ። ቡችሎቹ እስከ 12 ሳምንታቸው ድረስ በውሻ ማደሪያው ውስጥ በየሳምንቱ ይፈተናሉ፤ ያለፉት ደግሞ ለቤተሰብ በአደራ ይሰጣሉ። ፈተናው ባበቃ በሳምንት ውስጥ ሰው ቤት ከገቡት ከመቶ 90 ያህሉ መሪ ሆኑ። ከ3 ሳምንት በላይ በማደሪያው ከቆዩት ግን የተሳካላቸው 30 ያህሉ ብቻ ናቸው። ጥናቱ በ1959 ታተመ።

እኔን የሚገርመኝ እነዚህ የኋለኞቹም ፈተናውን ያለፉ መሆናቸው ነው። አልተራቡም፤ አልተደበደቡም። በየሳምንቱ አውጥቶ የሚያጫውታቸው ፈታኝ ግን ሥራውን ጨርሶ ሄዷል፤ የሚወስዳቸው ቤተሰብ ደግሞ ገና አልመጣም። (እኛስ ብንሆን «ከጠገበ ምን ጎደለው?» እንል የለ?) ካደጉ በኋላ ትእዛዙን ይማራሉ፤ መንገድ ዳር ቆመው ለሌላ ሰው ሕይወት ኃላፊነት መውሰድ ሲመጣ ግን ያቅታቸዋል።

ዘር መረጣው ተሻሽሎ፣ ቡችሎቹም ሳይዘገዩ ለሚያሳድጓቸው ልጆች መሰጠት ሲጀምሩ፣ በ1958 ከሠልጣኞቹ የሚሳካላቸው ከመቶ 90 ደረሱ።