የብብት ጋሻ፦ ለ«ቤሳጊው» የቀረበ የአማርኛ ስም

በመጽሐፍ ቅዱስ እንደተጻፈው፣ የእስራኤል ንጉሥ አክዓብ ራሱን ሰውሮ ወደ ጦርነት ቢገባም አልዳነም፤ አንድ ቀስተኛ ሳያነጣጥር የለቀቀው ፍላጻ በጥሩሩ መገጣጠሚያ ገባ። የብረት ልብስ ለሚሠራ ባለሙያ ደረትንና ጭንን መሸፈን ያን ያህል አያስቸግርም። የሚያስቸግረው መታጠፊያው ነው፤ ከመታጠፊያም ብብት ይብሳል። ክንድ ወደ ላይም፣ ወደ ፊትም፣ ወደ ጎንም የሚዞርበት ቦታ ስለሆነ በጠንካራ ብረት ከታሸገ ሰይፍ ማንሳት አይቻልም። ክፍት ከተተወ ደግሞ ስለት በቀጥታ ሳንባና ትልልቅ የደም ሥሮች ጋ ይደርሳል።

በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ከተገኙት መላዎች አንዱ ብረቱን ከመግጠም ይልቅ ማንጠልጠል ነበር። ቤሳጊው የሚባለው ይኸው ነው፦ አብዛኛውን ጊዜ ክብ የሆነ ትንሽ የብረት ዝርግ፣ ከትከሻ በጠፍር ወይም በክር ታስሮ ብብት ፊት ለፊት የሚንጠለጠል። ክንድ ሲነሳ ይገፋል፤ ሲወርድ ወደ ቦታው ይመለሳል። በእንግሊዝ አገር ዌስትሊ ዋተርለስ ቤተ ክርስቲያን ባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1325 ገደማ በተሠራው የሰር ጆን ደ ክሪክ የመቃብር ናስ ላይ በትከሻና በክርን ላይ እንዲህ ያሉ ክብ ብረቶች ተቀርጸዋል። በ15ኛው መቶ ዘመን አራት ማዕዘን የሆኑም ይታያሉ።

ቀኝ ብብት የተለየ ጣጣ ነበረው። ፈረሰኛው ረጅሙን ጦር የሚይዘው በቀኝ ብብቱ ሥር አጣብቆ ስለሆነ፣ የቀኙ የትከሻ ብረት ለጦሩ ማለፊያ ተቆርጦ ይቀራል። በአንዳንድ ልብስ ላይ ዝርጉ በቀኝ በኩል ብቻ የሚገኘው ለዚህ ነው። የሚላኖ አንጥረኞች የትከሻውን ብረት እስከ ደረት አስፍተው ችግሩን በሌላ መንገድ አቃለሉት። ጀርመኖች ግን ትከሻውን ጠበብ አድርገው ዝርጉን ማንጠልጠል መረጡ፤ ለእኔ የእነሱ መላ የበለጠ ብልሃት አለበት።

ብብት ምን ያህል ይታደን እንደነበር የ15ኛው መቶ ዘመን የሰይፍ መምህራን፣ የጣሊያኑ ፊዮሬ ዴይ ሊቤሪና የጀርመኑ ሃንስ ታልሆፈር፣ ትተውልን በሄዱት መጻሕፍት ይታያል። ብረት ለባሽን በሰይፍ መቁረጥ ከንቱ ድካም ስለሆነ፣ ተዋጊው በአንድ እጁ የሰይፉን ስለት መሐል ላይ ጨብጦ ጫፉን ወደ ክፍተቱ ይሰካል።

ወደ ስሙ ስንመጣ፣ ዕቃው «ሮንዴል» ተብሎም ይጠራል። ይህ ስም ለእኛ አይመችም፤ በዚያው ዘመን በመያዣው ጫፎች ላይ ክብ ዝርግ የነበረው ጩቤም ሮንዴል ይባላልና። ጩቤው ደግሞ የሚፈልገው ያንኑ ዝርጉ የሸፈነውን ክፍተት ነው! አንባቢ ወጊውንና መካቹን በአንድ ስም ሊያገኛቸው አይገባም። ስለዚህ «የብብት ጋሻ» እንበለው። ጋሻ በእጅ ይያዛል፣ ይህ ግን ይንጠለጠላል የሚል ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል። ሆኖም ጋሻ ሲባል አማርኛ ተናጋሪው የሚያስበው ክብ ነገር ነው፤ «መከለያ» ቢባል ግን ጨርቅም ሊሆን ይችላል።

ከብብት ጋሻው ሥር፣ ከውስጥ ልብሱ ጋር ተሰፍቶ የሚታየው ከብረት ቀለበቶች የተያያዘ ቁራጭ ሌላ ዕቃ ነው። እሱን «የብብት ሰንሰለት» ብንለው ይበቃል።