የኅብረ ሕዋስ ምሕንድስና

ሐኪምና መሐንዲስ ተባብረው፣ ሕያው ሕዋሳትን በተዘጋጀ መዋቅር ላይ ዘርተው የጎደለውን የአካል ክፍል የሚያበቅሉበት፣ በባሕር ማዶ «ቲሹ ኢንጂነሪንግ» የተባለው ጥበብ በቋንቋችን የኅብረ ሕዋስ ምሕንድስና ይባላል። ሕዋሳት በቀደመው ትምህርታችን የማየት፣ የመስማትና የመሰሉት አምስቱ ስሜቶች ስም ነበሩ፤ የዛሬው ሥነ ሕይወት ግን ቃሉን ለሥጋችን ታናሽ ሕያው ክፍል ስለ ሰጠው፣ በኅብረት ሆነው አንድ ግብር የሚፈጽሙት ሕዋሳት ኅብረ ሕዋስ ተባሉ። ጥበቡን «ሰው ሠራሽ አካል» ማለት ግን ያሳስታል፤ በሰው እጅ የተሠራው መዋቅር ሟሙቶ ይጠፋልና፣ ጸንቶ የሚቀረውም ሕያው ሥጋ ነውና።

የጥበቡ ታሪክ ከመድኃኒት ማድረስ ጋር የተያያዘ ነው፤ በቦስተን ከተማ፣ የኬሚካል መሐንዲሱ ሮበርት ላንገር ከቀዶ ሐኪሙ ከጁዳ ፎክማን ጋር ሲመራመር፣ ግዙፍ ሞለኪውሎች ከፖሊመር (ከረጅም የሞለኪውል ሰንሰለት ከተሠራ ቁስ) ውስጥ ቀስ በቀስ ሊወጡ አይችሉም ሲሉ ሊቃውንት ያጸኑትን አስተያየት እ.ኤ.አ. በ1976 በታተመ ጥናት አፈረሰ። ፍሬውም ብዙ ሆነ፤ ከፍሬዎቹ አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ የተፈቀደው ስስ ክብ ፖሊመር፣ የአንጎል ዕጢ ተቆርጦ በወጣበት ስፍራ ተቀምጦ፣ በደም ሥር ቢሰጥ መላውን ሰውነት የሚጎዳውን ካርሙስቲን የተባለ መድኃኒት በዚያው በሕመሙ ቦታ ይለቃል።

ጉበታቸው የደከመ ሕፃናት ለጋሽ ሳያገኙ ሲሞቱ ያየው ቀዶ ሐኪም ጆሴፍ ቫካንቲ የጎደለውን አካል ለማብቀል ከላንገር ጋር ተባበረ፤ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1993 በ«ሳይንስ» መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ የጥበቡን ወሰንና ተስፋ ገለጡ። መዋቅሩ ግንበኛ እንደሚያቆመው የባሕር ዛፍ መወጣጫ ነው፤ ነገር ግን የሚያፈርሰው ሠራተኛ አያሻውም፤ ቀዶ ሐኪሞች ለሚሟሟ የስፌት ክር ከሚጠቀሙበት ዓይነት ፖሊመር የተሠራ ስለሆነ፣ ሕዋሳቱ ተባዝተው የራሳቸውን መያዣ ሲሠሩ እርሱ በሰውነት ውኃ እየተፈታ ያልቃል።

ታላቁ ዕንቅፋት ደም ነው። አብዛኛው ሕዋስ ከቀጭን የደም ሥር ከ0.2 ሚሊ ሜትር ያህል በላይ ከራቀ ኦክስጅን አጥቶ ይሞታል፤ ስለዚህ ስስ የሆነው ቆዳና የደም ሥር የሌለው ልም አጥንት ቀደም ብለው ተሳኩ፤ እ.ኤ.አ. በ1998ም ከሕያዋን ሕዋሳት የተሠራ ቆዳ ለማይድን የእግር ቁስል በአሜሪካ ተፈቀደ። ተመራማሪዎች የደም ሥርን የሚያበቅሉ ፕሮቲኖችን በመዋቅሩ ውስጥ አኑረው ቀስ በቀስ እንዲወጡ የሚያደርጉት ይህን ችግር ለመፍታት ነው፤ መድኃኒት የማድረስና ሥጋ የማብቀል ጥበብም በእኔ አስተያየት ከዚህ ላይ አንድ ትምህርት ይሆናሉ። ቫካንቲ ለሕፃናቱ የተመኘው ሙሉ ጉበት ግን ገና አልተሠራም።