ከመንገዱ የተረፈው፦ ሬንጅ፣ ሲሚንቶና የመርካቶ መኪና አጣቢዎች እውቀት



የአገራችን የመንገድ ታሪክ በአብዛኛው የተጻፈው ከሠሪው ወገን ሆኖ ነው። አዋጁ፣ ብድሩ፣ የኪሎ ሜትሩ ብዛትና የምረቃው ቀን በሰነድ ስለሚገኝ የታሪክ ጸሐፊው ወደዚያ ያዘነብላል፤ አይፈረድበትም። እኔ ዛሬ የማነሣው ግን መንገዱ ገና ሲሠራ በአጠገቡ ያለፈው ባለመኪና ምን ይዞ እንደ ተመለሰ ነው። ይዞ የተመለሰው በመኪናው ጎን የተለጠፈ የሬንጅ ነጠብጣብ፣ በመስታወቱ ላይ የደረቀ የሲሚንቶ ርጭት ነው። ይህን የማስለቀቅ እውቀት በአዲስ ከተማ፣ በመርካቶ፣ በመኪና አጣቢው እጅና በመለዋወጫ ነጋዴው አንደበት ይኖራል። መንገዱ የሚሠራበት ቁስ በተለወጠ ቁጥር የማስለቀቂያው ብልሃትም ተለውጧል፤ ስለዚህ ብልሃቱ ራሱ እንደ ታሪክ ምንጭ ሊነበብ ይችላል ብዬ እከራከራለሁ።

አዲስ አበባ የመጀመሪያዎቹን ሞተረኛ ተሽከርካሪዎች ስታይ አስፋልት አልነበራትም። አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣትና ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ያላት የእንፋሎት ተሽከርካሪ በ1890ዎቹ ስትታይ፣ እንግሊዛዊው ቤንትሌይም በ1900 ዓ.ም. መኪናውን ለዳግማዊ ምኒልክ ሲያደርስ፣ ከመንገድ ሥራ የሚተርፈው አፈርና ጭቃ ነበር። ጭቃ በውኃ ይለቃል። ስለዚህ በዚያ ዘመን ላይ አልቆይም።

ነገሩ የሚከብደው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ዛሬ የምናውቀው መርካቶም የዚያ ዘመን ውጤት ነው። በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው ታላቅ ገበያ፣ ነጩንና ጥቁሩን ለመለየት በወጣው የከተማ ፕላን ምክንያት ወደ ምዕራብ ተገፍቶ «መርካቶ ኢንዲጄኖ» ተባለ፤ የአገሬው ተወላጆች ገበያ ማለት ነው። ያው አገዛዝ ጦሩንና ስንቁን ለማመላለስ አውራ ጎዳናዎችን አስፋልት ያለብስ ነበር። ገበያውንም ሬንጁንም አሁን ባሉበት መልክ ያመጣቸው አንድ እጅ ነው።

የዚህ ምስክር ቋንቋችን ነው። መኪና የሚታጠብበትን ስፍራ «ላቫጆ» እንላለን፤ የሞተሩን ክዳን «ኮፈን»፣ ቀለም የሚያቀጥነውን አሟሚ «አኳራጅ»፣ የተፋቀ ገላ የሚደፈንበትን ልጥፍ «ስቱኮ»። ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ቃላቱ ሁሉ በአምስቱ ዓመት ብቻ ገቡ ማለቴ አይደለም፤ ከነጻነት በኋላም የቀሩ ጣሊያናውያን መካኒኮች ነበሩ፤ ከአስመራ የመጡ ባለሙያዎችም ሙያውን ከነቃሉ ይዘው መጥተዋል። ከሁሉ የሚገርመኝ «ፓራፋንጎ» ነው። ፍቺው ጭቃ መከላከያ ነው። ጎማው ትኩስ ሬንጅና ጠጠር አንሥቶ በበሩ የታችኛው ክፍል ላይ ሲረጭ ግን ጭቃ መከላከያው ሁሉን አይመልስም።

በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በዚያው ዓመት ከዓለም ባንክ የ5 ሚሊዮን ዶላር ብድር ለመንገድ ተገኘ። ይህን ከመማሪያ መጻሕፍት ታውቁታላችሁ። እኔን የሚስበኝ በበርሜል የተከማቸው ሬንጅ ነው። ሬንጅ ከድፍድፍ ነዳጅ ማጣራት የሚተርፍ ወፍራም ዝቃጭ ነው። የተጠቀጠቀው ጠጠር አስፋልት ከመልበሱ በፊት «ፕራይም» የሚባል ቀጭን ሬንጅ ይረጭበታል፤ ይህም ሬንጅ ቀጥኖ ወደ ጠጠሩ እንዲሰርግ ነጭ ጋዝ፣ ማለትም ላምባ፣ ይጨመርበታል። ላምባው እስኪተን ድረስ መንገዱ መዘጋት አለበት። ተቻኩለው የከፈቱት እንደ ሆነ እያንዳንዱ ጎማ ያነሣዋል፣ እያንዳንዱ በር ይቀበለዋል።

ታዲያ የመርካቶ አጣቢ ለዚህ ነጠብጣብ ያገኘው መድኃኒት ምንድን ነው? ያው ላምባ ነው። መሐንዲሱ ሬንጁን ያቀጠነበትን አጣቢው ሬንጁን ያስለቅቅበታል። ኬሚስቶች ተመሳሳይ ተመሳሳዩን ያሟማል የሚሉትን ሕግ ሁለቱም በየፊናቸው ሠርተውበታል። ውኃ ሬንጅን አይነካውም፤ ከአንድ ዘር የሆኑት ላምባ፣ ናፍጣና አኳራጅ ግን ያላሉታል። የምግብ ዘይት እንኳ፣ ቀስ ብሎም ቢሆን፣ ያለሰልሰዋል።

አሠራሩ ትዕግሥት ይጠይቃል። መኪናው ጥላ ውስጥ ቆሞ ገላው ይበርዳል። አቧራው አስቀድሞ በውኃ ይወርዳል፤ አለዚያ አሸዋው ከጨርቁ ጋር ቀለሙን ይፍቃል። ላምባ የነካ ጨርቅ በነጠብጣቡ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ይቀመጣል፤ ሬንጁ ሲላላ ሳይታሽ ይጠረጋል፤ የጨርቁ ገጽ ይገለበጣል፤ በመጨረሻም ቅባቱ እንዳይቀር በሳሙና ይታጠባል። ቤንዚን ፈጥኖ ይሠራል፤ ነገር ግን በቀላሉ እሳት ይይዛል፤ የመስታወቱን ጎማም ያበላሻል። ሬንጁ በሰነበተ ቁጥር በፀሐይና በአየር ስለሚደርቅ ሥራው ይከብዳል።

በቀለሙ ላይም ታሪክ አለ። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተስፋፋው የናይትሮሴሉሎስ ቀለም በላምባ ባይጎዳም በቲነር ወዲያው ይሟሟል። ዛሬ በብዙ መኪኖች ላይ ያለው ግን ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ የተለመደው፣ ከላዩ ብርሃን አሳላፊ ሽፋን ያለው ባለ ሁለት ድርብ ቀለም ነው። ይህ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን መኪናው በጋራዥ እንደገና ተቀብቶ ከሆነ ምን እንደ ተቀባ የሚያውቀው ቀቢው ብቻ ነው። ቲነር የሚያነሣ አጣቢ ቁማር እየተጫወተ ነው።

ከዚያ ኮንክሪቱ መጣ። የቀላል ባቡሩ መስመር በአውቶቡስ ተራና በሰባተኛ በኩል ሲገነባ የመርካቶ ሹፌር ከለመደው ጥቁር ነጠብጣብ ጋር ግራጫውን ርጭት ተዋወቀ። ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. መባቻ ሥራ ጀመረ፤ ርጭቱ ግን በግንባታው ዓመታት የሆነ ነው። ሲሚንቶን ላምባ አይነካውም። ሬንጅ የዘይት ወገን ሲሆን ሲሚንቶ የኖራ ወገን ነው። እርጥብ ሲሚንቶ ብርቱ አልካላይ ስለሆነ ቀለሙን እየበላ ይደርቃል፤ ሲሰነብት መስታወትንም ያደበዝዛል። መፍትሔው የተገላቢጦሽ ነው፤ እንደ ኮምጣጤና ሎሚ ያለ ለስላሳ አሲድ ኖራውን ቀስ በቀስ ይፈታዋል፣ ከዚያም በብዙ ውኃ ይታጠባል። የባትሪ አሲድ የሚሞክሩ አሉ። እርሱ ግን ቀለሙንና እጅን ከማቃጠሉም በላይ ከኖራው ጋር ተዋሕዶ በውኃ በቀላሉ የማይሟሟ ጂፕሰም ይፈጥራል፤ አንዱን ቅርፊት በሌላ መተካት ነው። በመስታወት ላይ የቀረውን በሳሙና ውኃ አርሶ፣ አዲስ ምላጭ አጋድሞ ማንሣት ይቻላል። በቀለም ላይ ምላጭ አይነካም።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው የመኪና ቀለም በዚህች ከተማ የቅንጦት ጉዳይ ስላልሆነ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከልክሏል። አገር ውስጥ ያለው መኪና ለረዥም ዘመን ማገልገል ግድ ሆኖበታል። ቀለሙ ከተላጠ ላሜራው ይዝጋል፤ ለታክሲ ባለቤት ያ ማለት ጋራዥ የሚቆምባቸው ቀናትና የሚቀር ገቢ ነው። መንገዱን የሠራው ተቋራጭ ሒሳቡን ዘግቶ ሲሄድ፣ ያልተመዘገበው ወጪ በሹፌሩና በአጣቢው ላይ ይወድቃል።

አጣቢው የሚከፍለው ደግሞ በገንዘብ ብቻ አይደለም። ላምባ የቆዳን ቅባት አሟጥጦ ያደርቃል፣ ይሰነጥቃል፤ ጓንት ያደረገ አጣቢ ግን ብዙ አይታይም። ሬንጅ የተሸከመው ላምባ ወደ ቦይ፣ ከቦይ ወደ ወንዝ፣ ከወንዝ ወደ አቃቂ ይወርዳል። የመንገድ መሥሪያ ቤቶቻችን መዝገብ ስንት በርሜል ሬንጅ እንደ ተነጠፈ ሊነግረን ይችላል፤ ስንቱ ታጥቦ ወንዝ እንደ ገባ ለማወቅ ግን የምንጠይቀው የላቫጆውን ሰው ነው። የቃል ታሪክ ትምህርት የምትወስዱ ተማሪዎች በዚህ ሴሚስተር ከአውቶቡስ ተራ ጀምራችሁ እስከ ሶማሌ ተራ የምትሄዱትም ለዚሁ ነው፤ የመጠይቁ ረቂቅ ከእኔ ቢሮ ይገኛል። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።