መቁነጥነጥ

መቁነጥነጥ ሲባል ቶሎ የሚታየን አርፎ የማይቀመጥ ልጅ ነው። በአእምሮ ሕክምና ግን ቃሉ ከባድ ጭንቀት ይዟል። ሐኪሞች "አካቲዝያ" ይሉታል፤ ከግሪክኛ ሲፈታ "አለመቀመጥ" ነው፤ ስሙን በ1901 እ.ኤ.አ. ያወጣው የቼክ ሐኪም ሃሽኮቬትስ ነው። ዛሬ በአብዛኛው የሚያመጡት እንደ ሃሎፔሪዶል፣ ክሎርፕሮማዚንና በየወሩ የሚወጋው ፍሉፌናዚን ያሉ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች ናቸው። መድኃኒቱን የሚወስደው ሰው ውስጡ አላስቀምጥ ይለዋል፤ እግሩን ያወዛውዛል፣ ተነሥቶ ይንጎራደዳል፣ ማዕድ ላይ መቆየት ያቅተዋል።

መራዊ ላይ፣ በቆጋ መስኖ ሽንኩርት የሚኮተኩት ገበሬ እንዲህ ሲሆን ቤተሰቡ "ሕመሙ ተነሣበት" ሊል ይችላል። ክፋቱ እዚህ ነው፤ መድኃኒቱ ይጨመርለታል፣ መቁነጥነጡም ይብሳል። ወይም መሮት ራሱ ይተወዋል፤ ያን ጊዜ እውነተኛው ሕመም ይመለሳል።

ሐኪም መጠኑን በመቀነስ፣ መድኃኒቱን በመለወጥ ወይም ፕሮፕራኖሎል በመጨመር ሊያቀለው ይችላል። እባካችሁ፣ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ መቁነጥነጡ መቼ እንደጀመረ ንገሩ፤ መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ አታቋርጡ።