ከሽሮ ሜዳ ዳገት እስከ ቦስተን፦ ሩጫ እንዴት እንጀራ ሆነ?

ገና ሳይነጋ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣውን ዳገት ሯጮች ይይዙታል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። የሸማኔዎቹ ጥበብ የሚሸጥባቸው ሱቆች በዚያ ሰዓት አልተከፈቱም። የአሜሪካ ኤምባሲም በዚሁ መስመር ላይ ነው። የኢትዮጵያ ሩጫ ታሪክ በዳገቱና በኤምባሲው መካከል ያለ ታሪክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ የክቡር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ በ2:15:16 አሸነፈ። ያገኘው ወርቅና ክብር ነው። በስፖርት ገንዘብ የሚያገኝ ሰው ኦሎምፒክ እንዳይወዳደር ደንቡ ይከለክል ነበር። በ1955 ዓ.ም. ከማሞ ወልዴ ጋር ቦስተን ሄዶ 5ኛ ወጣ። እዚያም የገንዘብ ሽልማት አልነበረም።

አሜሪካ ግን ስፖርትን ገበያ ማውጣት የጀመረችው ቀደም ብላ ነው። የሲንሲናቲ ቤዝቦል ቡድን ተጫዋቾቹን ሁሉ በግልጽ በደመወዝ ያሰለፈው በ1861 ዓ.ም.፣ አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ በሞቱ በዓመቱ ነው። ሩጫ ወደ ገበያው የገባው ዘግይቶ ነው፤ ቦስተን ለአሸናፊ ገንዘብ መክፈል የጀመረው በ1978 ዓ.ም. ነበር።

በዚያው ዘመን የደርግ መንግሥት ከሎስ አንጀለስና ከሶል ኦሎምፒኮች አገሪቱን አስቀረ። በላይነህ ዴንሳሞ በ1980 ዓ.ም. ሮተርዳም ላይ በ2:06:50 የዓለም ክብረ ወሰን ቢሰብርም፣ በወራት ልዩነት የተካሄደው የሶል ኦሎምፒክ አመለጠው። የሜዳሊያው በር ሲዘጋ የከተሞቹ ውድድር ክፍት ነበር። በ1981 ዓ.ም. አበበ መኮንን ቦስተንን አሸነፈ። ፋጡማ ሮባም ከ1989 እስከ 1991 ዓ.ም. ሦስት ጊዜ በተከታታይ ደገመችው።

የላቡ ዋጋ በዶላር መከፈል ጀመረ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ያገኘውን ይዞ ተመልሶ ሕንፃ፣ ሪዞርትና የመኪና ንግድ ላይ አዋለው። በ1994 ዓ.ም. ደግሞ 10,000 ሰው የተሳተፈበት የመጀመሪያው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ተካሄደ። ሩጫ በአገር ቤትም ቲሸርት የሚሸጥበት፣ ስፖንሰር የሚፈልገው ድግስ ሊሆን እንደሚችል ታየ።

ልዩነቱ ግን አሁንም አለ። አሜሪካዊው ተጫዋች የሚከፈለው በራሱ አገር ተመልካች፣ ቴሌቪዥንና ስታዲየም ነው። ኢትዮጵያዊው ሯጭ የሚሠራው እዚህ፣ የሚሸጠው እዚያ ነው። ክለቦች ደመወዝ ቢከፍሉም ትልቁ ገንዘብ ከቪዛ ባሻገር ይገኛል። ጉዳት የደረሰበት ወይም ለጥቂት ሰከንድ የዘገየ ወጣት ትምህርቱን ትቶ የወጣውን ዳገት ባዶ እጁን ይወርዳል።

አገሪቱ በየአራት ዓመቱ ወርቅ ትቆጥራለች። ከዳገቱ ባዶ እጃቸውን የወረዱትን ግን የሚቆጥር የለም። ሩጫ የአገር ኩራት ብቻ ሳይሆን የአገር ኢኮኖሚ የሚሆነው ለእነሱም እንጀራ ሲተርፍ ነው።