ግራጫው ወፍ በወለጋ ቡና ጥላ ሥር

ደማቅ ወፍ ለይቶ ለማወቅ ብዙ አያስቸግርም፤ ፈተናው ግራጫው ላይ ነው። በነቀምቴ ዙሪያ ዛፍ ባልጠፋበት ሁሉ ከቅርንጫፍ ጫፍ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ ነፍሳት ሲያይ ተወርውሮ የሚቀልብ ዝምተኛ ወፍ አለ። ጀርባው ቡናማ ያዘለ ግራጫ፣ ሆዱ ፈዘዝ ያለ ነው። የሚያጋልጠው ዓይኑ ነው፦ ቢጫ። ያው ጫካ ውስጥ የሚኖረው ዱስኪ ፍላይካቸር ከእሱ ያንሳል፣ ዓይኑም ጥቁር ነው። የግራጫው ወፍ ጫጩት ግን ነጠብጣብ ስለሚጣልበት ልምድ ያለውንም ያደናግራል።

የአቢሲኒያ ስሌቲ ፍላይካቸር ይባላል፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ አይገኝም። ለሳይንስ የጻፈው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1831 በምጽዋ ገብቶ እስከ ጎንደር ተጓዘ፤ ገለጻው በ1840 ወጣ። መንገዱ የሰሜን መንገድ ነበርና የሰበሰበው ያንኑ ያህል ነው። ከ1876 ጀምሮ ሌላው ወፍ ሰብሳቢ ኦራዚዮ አንቲኖሪ ሸዋ ውስጥ በአንኮበር አጠገብ ተቀመጠ። የወፍ ሊቃውንት ካርታ ለረጅም ጊዜ የወፉን አኗኗር ሳይሆን የሰብሳቢዎቹን የበቅሎ መንገድ ያሳይ ነበር ብል አላጋነንኩም። የምዕራብ ኢትዮጵያውን ንዑስ ዝርያ ለይቶ የጻፈው ኦስካር ኖይማን ነው፤ በ1902፣ ሩፔል ከጻፈ ከ62 ዓመት በኋላ። ለበርሊኑ ሙዚየም የወፍ ሊቅ ለአንቶን ራይሸኖቭ መታሰቢያ አደረገው።

ወፉ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ብቻ አይሻም፤ የጫካ ጠርዝ፣ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ የቡና ጥላ ዛፍ ይበቃዋል። ወለጋ ደግሞ ቡናውን ከዋንዛና ከብሳና ሥር ያበቅላል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ማግስት ብዙ ሕዝብ ወደ ወለጋ ሲሰፍር ጫካው ለእርሻ ተመነጠረ፤ ከዚያም ባሕር ዛፍ በየኮረብታው ተተከለ። የቡና ጥላ ግን በየጓሮው ቆየ።

እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ የጅማ አካባቢ ጥናት፣ በጫካው ከተያዙት የወፍ ዝርያዎች ከአንዱ በቀር ሁሉም በጥላ ቡና እርሻም ተይዘዋል። ሆኖም ከዛፎቹ ሥር ባለው ቁጥቋጦ ነፍሳት የሚለቅሙት በጫካው ውስጥ ይበዛሉ። ቡናው ግራጫውን ወፍ ያኖረዋል፤ ደረቱ ብርቱካናማ የሆነው የአቢሲኒያ ግራውንድ ትረሽ፣ መሬት ላይ ቅጠል እየገለበጠ የሚበላው፣ ከቡናው ሥር በተመነጠረ ወለል ላይ ግን ምግቡን አያገኝም።