ሳይቶሜጋሎቫይረስ በሕዝብ መካከል፦ የአንድ ቆጠራ ታሪክ

አንድ ነገር ምን ያህል የተስፋፋ መሆኑን ለማወቅ አስቀድሞ የመለኪያውን ብቃት መመርመር ይገባል። የሳይቶሜጋሎቫይረስ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1881 ጀርመናዊው ሐኪም ሁጎ ሪበርት ሞቶ የተወለደ ሕፃን ኩላሊት በማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ ከልክ በላይ የገዘፉ ሕዋሳት አዩ፤ ምንነታቸውን ግን ሊረዱ አልቻሉም። በ1904 መሰል ሕዋሳት ያገኙ ሌሎች ሐኪሞች ጥገኛ ተሕዋስያን መስለዋቸው ነበር። በ1932 ደግሞ ፋርበርና ዎልባክ የተባሉ ሊቃውንት የ183 ሟች ሕፃናትን የምራቅ ዕጢዎች መርምረው በ22ቱ ላይ ምልክቱን አገኙ፤ ይህም ከመቶ 12 እጅ ያህል ነው። እስከዚያ ዘመን ድረስ ቆጠራው የሚካሄደው በአስከሬን ላይ ስለ ነበረ፣ በጤናማው ሕዝብ ዘንድ ያለውን ሁኔታ የሚያውቅ አልነበረም።

ይህ ሁኔታ በ1956 ተለወጠ። ማርጋሬት ስሚዝ በሴንት ሉዊስ፣ ዋላስ ሮው በቤተስዳ፣ ቶማስ ዌለር በቦስተን፣ ሦስቱም በየፊናቸው ቫይረሱን በላቦራቶሪ በተዘጋጁ ሕዋሳት ላይ ለማራባት ቻሉ። ቫይረሱ በእጅ ከገባ ዘንድ፣ ሰውነት እርሱን ለመከላከል የሚያዘጋጃቸውን ፀረ አካላት በሕያዋን ሰዎች ደም ውስጥ መፈለግ ተቻለ። ሮውና ባልደረቦቻቸው ዕድሜያቸው ከ35 ዓመት በላይ ከሆነ ሰዎች መካከል ከመቶ 81 እጅ የሚሆኑት ቫይረሱ እንደ ያዛቸው አረጋገጡ። የጥቂት ሕፃናት ሕመም ይባል የነበረው የብዙኃኑ ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ በኋላ ቆጠራው ድንበር ተሻገረ። በ1973 የወጣ ጥናት በፈረንሳይዋ ሊዮን ከመቶ 40 እጅ፣ በዩጋንዳዋ ኢንቴቤ ከመቶ 100 መሆኑን አሳየ። ከ1988 እስከ 1994 በአሜሪካ በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ዕድሜያቸው 6 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ውስጥ ከመቶ 59 እጅ ያህሉ ተይዘው ተገኙ። በ2019 የታተመ ግምት ደግሞ የዓለሙን አማካይ ከመቶ 83 አድርሶታል።

ቫይረሱ በምራቅ፣ በሽንትና በእናት ጡት ወተት ይተላለፋል፤ አንድ ጊዜ ከገባም ዕድሜ ልክ በሰውነት ውስጥ አድፍጦ ይኖራል። ጤናማ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መያዙን እንኳ አያውቅም። ይሁን እንጂ የተለመደ ነገር ሁሉ ቀላል አይደለም። በአሜሪካ ከ200 ሕፃናት አንዱ ያህል በማሕፀን ሳለ ተይዞ ይወለዳል፤ ከእነዚህም ከአምስቱ አንዱ ያህል ዘላቂ ጉዳት ይደርስበታል። ከጉዳቱ ዋነኛው የመስማት ችሎታን ማጣት ሲሆን፣ ይህም ከተወለዱ በኋላ ቀስ በቀስ ሊከሠት ይችላል።

እዚህ ላይ የመለኪያው ጉዳይ ተመልሶ ይመጣል። ሕፃኑ በማሕፀን መያዙን በእርግጠኝነት ለመለየት ምራቁ ወይም ሽንቱ በተወለደ በሦስት ሳምንት ውስጥ መመርመር አለበት፤ ከዚያ ካለፈ በማሕፀን የተያዘውን ከወሊድ በኋላ ከተያዘው መለየት ያዳግታል። ብዙኃኑን ለመቁጠር 75 ዓመት የፈጀው ሳይንስ፣ ለአንዱ ሕፃን ያለው ጊዜ 21 ቀን ብቻ ነው።